የድንጋይ ሽበት ቀለም

አፌ ነው ጠላቴ። ሰው ጎረቤቱን ይከሳል፣ ባሏን የምታማም አለች፤ እኔ እታገኝ ግን እስከዛሬ ያገኘኝ ጣጣ ሁሉ ከገዛ አፌ የወጣ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ ባሌን ወዳጆን ተስቦ ጣለው። ወዳጆ ሸማኔ ነው፤ ከሞላሌ የአንድ ሰዓት መንገድ ባለው አጥቢያችን እሱ ለብርዱ የጠጉር ባና ያልሠራለት ሰው የለም። እኔ የበጉን ጠጉር እፈትላለሁ፣ እሱ ይሠራዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲቃዥ ከርሞ ውሃ እንኳ አልወርድለት ሲል፣ መጋቢት ሃያ አንድ ቀን ማርያም ደጅ ሄጄ በግንባሬ ተደፋሁ። ዝም ብዬ በልቤ ብለምን ምን ነበረበት? እኔ እቴ! ሴቱ ሁሉ እየሰማ ጮኼ፣ «እመቤቴ፣ ወዳጆን ካነሳሽልኝ ለኅዳር ጽዮን ምንጣፍ አነጥፍልሻለሁ፤ በየትኛውም ደብር ተነጥፎ የማያውቅ ቀለም!» አልኩ።

ወዳጆ ዳነ። በሳምንቱ አጥሚት ጠጣ፣ በወሩ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ፤ ተመስገን። የተያዝኩት እኔ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስለቱን ያላስገባ ሰው ምን እንደሚባል አገሩ ያውቃል። የተሳልኩት ምንጣፍ ብቻ ቢሆን ምን ገዶኝ፤ ቀለሙን ጨምሬበታለሁ።

ጎረቤቴ ጥሩሸዋ ምንጭ ዳር ባገኘችኝ ቁጥር ፈገግ ብላ፣ «እታገኝ፣ ቀለሙ ደረሰ?» ትለኛለች። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ? እኔን አላሳጣኝም።

ቀለም ከየት ይመጣል? ነጩንና ጥቁሩን በጉ ራሱ ይሰጣል። የመቅመቆ ሥር ቀቅዬ ነከርኩ፤ ቢጫ ወጣ። ቢጫውንማ ማን ያጣዋል፣ የቀየት አገር ሴቶች ሲነክሩት ነው የኖሩት። እንሶስላ ወቅጬ ሞከርኩ፤ እጅና እግር ላይ ያማረው ቀይ ጠጉሩ ላይ ሲደርቅ የታመመ ሰው ገላ መሰለ። ደብረ ብርሃን የሚሸጠውን የዱቄት ቀለም ግዢ ያሉኝም ነበሩ። እሱን ማንም ገዝቶ ያነጥፈዋል፤ እመቤታችን በገበያ ዱቄት ትታለላለች እንዴ! የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በመጨረሻ ወደ ድንጋዩ ዞርኩ።

ከቤታችን በላይ ባለው ገደል አለቱ ሽበት ያወጣል። የድንጋይ ሽበት እንለዋለን፤ ቅጠልም ያልሆነ፣ ሥርም የሌለው፣ አለቱ ላይ የተለጠፈ ግራጫ ነገር ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያርሰው በቢላ ሲፋቅ ይነሳል። አንድ አቁማዳ ሙሉ ፍቄ አመጣሁና ግማሹን ቀቀልኩት። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የጠላ አተላ! ቁርጥ አተላ።

ያን ጊዜ ንዴቴ ገነፈለ። የተረፈውን ሽበት አንስቼ ጓሮ ካለው ጋን ውስጥ ዘረገፍኩት። ጋኑ እናቴ እንዳስተማረችኝ የላም ሽንት የማጠራቅምበት ነው፤ የበግ ጠጉር ቅባቱን የሚለቀው በከረመ ሽንት ሲታጠብ ነዋ። አፉን በአሮጌ ሰፌድ ከደንኩና «እዚያው ብስበስ!» ብዬው ገባሁ።

ወዲያው ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ ሲገባ እኛ ዘንድ ሴቱ ቤቱን ለእግዜር አደራ ሰጥቶ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውለው። ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ጥሬ ቆርጥሞ መተኛት። ጋኑን ማን አስታወሰው!

ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ፣ ያልታጠበ ጠጉር ነበረኝና ሰፌዱን አነሳሁት። ሽታው ወደ ኋላ ወረወረኝ። በአንድ እጄ አፍንጫዬን ይዤ፣ በሌላው እንጨት ሰድጄ ባማስለው፣ ኧረ እመቤቴ ድረሺ! እንጨቱ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። እፍኝ ጠጉር ነከርኩ፤ እሱም ወይን ጠጅ። ምንጭ ወስጄ አጠብኩት፤ ያው ወይን ጠጅ። «ወዳጆ! ኧረ ወዳጆ ና!» እያልኩ ስጮህ ሌባ የገባ መስሎት ዱላ ይዞ ሮጠ። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም!» አልኩት እያለቀስኩ። እሱ ዝምተኛ ነው። ጠጉሩን ወደ ብርሃን አንስቶ ሲያገላብጥ ቆየና፣ «እኔ ይኼን ያህል ዘመን ስሠራ እንዲህ ያለ ፈትል እጄ ገብቶ አያውቅም» አለ።

ከዚያማ ማን ያቆመኛል! ገደሉን ፋቅኩት፣ ጥፍሬ እስኪያልቅ ፋቅኩት። ሌላ ጋን ተዋስኩ። እኔ ስዘፈዝፍ፣ ስነክር፣ ስፈትል፣ እሱ ሲሠራ መስከረምና ጥቅምት አለቀ። በዚህ መሀል ጥሩሸዋ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ መጣችና፣ «ምንድን ነው ሰፈሩን እንዲህ ያገማው?» አለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም ብል ኖሮ! «የላሜ ሽንት ነው፤ ቀለሙ የሚወጣው በሱ ነው። ካልተመቸሽ ሄደሽ ላሚቱን ክሰሻት!» አልኳት።

ኅዳር ሃያ አንድ ደረሰ። ስለት ያለበት ሁሉ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሟል፤ ጧፍ የያዘ አለ፣ ጥላ የያዘ አለ፤ እኛም ምንጣፋችንን ተሸክመናል። ቄሰ ገበዙ አባ መርስዔ ኃዘን አዲስ ነጭ ኩታ ለብሰው ይቀበላሉ። ተራችን ደርሶ ወዳጆ ሲዘረጋው ሕዝቡ «ውይ!» አለ። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። እኔ ጉሮሮዬን ለእልልታ ሳዘጋጅ ከኋላ የጥሩሸዋ ድምፅ መጣ።

«አባታችን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ይኼ ምንጣፍ በላም ሽንት የተነከረ ነው። እሷው ራሷ ነግራኛለች።»

አባ ሊባርኩ ያነሱትን መስቀል መለሱት።

«እውነት ነው፣ እታገኝ?»

ደጀ ሰላም ላይ ቆሞ ማን ይዋሻል? «እውነት ነው፣ አባ» አልኩ።

«እንግዲያው መቅደስ አይገባም። ውሰዱት።»

ስለት ከደጅ ተመለሰ ማለት እመቤታችን ፊቷን አዞረች ማለት ነው፤ ከእንግዲህ ወዳጆ ራሱን ባመመው ቁጥር አገሩ ጣቱን ወደኔ ይቀስራል። ወዳጆ ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን መጠቅለል ጀመረ። ጠርዙን በመዳፉ እያራገፈ ነበር የሚጠቀልለው። ያን ሳይ ንዴቴ መጣ፤ ንዴቴ ከመጣ ደግሞ አፌን የሚይዘው የለም።

«አባ፣ ይፍቱኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ከበሮው የተለጎመው በምንድን ነው? በበሬ ቆዳ አይደለም? ያ በሬ ዕድሜውን ሁሉ ጠበል ሲሸና ነው የኖረው?»

ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሌሎቹ አማተቡ።

«እርስዎስ ራስዎ መጽሐፍ ይጽፉ የለም? ብራናው የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው የተዘፈዘፈ ሰሞን በደጅዎ አፍንጫውን ሳይዝ የሚያልፍ ማን ነው?»

«አንቺ ሴትዮ!» አሉ። ከጢማቸው ሥር ግን ሳቅ ሲታገላቸው አየሁ። «ቆዳውማ ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ይጠራል። ቅዱሱ ቃል የሚጻፍበት ከዚያ በኋላ ነው።»

«የኔም ይታጠባ!»

አባ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን ቁልቁል ወደ ጠበሉ ቀሰሩ። «መልካም» አሉ። «ጠበሉ ሥር ይታጠብ። ሽታ ካለው ወይም ቀለሙ ከለቀቀ፣ ሽንቱ አብሮት አለ ማለት ነውና ይመለሳል። ካልለቀቀ ንጹሕ ነው፤ ይገባል።»

በአፌ ጀግና ነኝ፤ እጄ ግን ችኩል ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ልቃቂቶች በዓሉ ደርሶብኝ በችኮላ ነበር የነከርኳቸው፤ ያጠብኳቸውም አንዴ ብቻ ነው። ይኼን የምናውቀው እኔና ወዳጆ ነን። ወዳጆ አየኝ፣ አየሁት። ምንጣፉን በሁለት በኩል አነሳነው።

ሕዝቡ ተከትሎን ቁልቁል ወረደ። ጠበሉ በሚወርድበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ምንጣፉን ዘረጋነው። ወዳጆ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ባና ሲታጠብ እንደሚረገጥ በባዶ እግሩ ይረግጠው ጀመር። የኅዳር ውሃ አጥንት ይሰብራል፤ ሰውየው ደግሞ ከተስቦ ከተነሳ ዓመት አልሞላውም። እኔም ቀሚሴን ከፍ አድርጌ አጠገቡ ገባሁና ረገጥኩ። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ደፍርሶ ነበር። «ይኸው ለቀቀ!» አለች ጥሩሸዋ። አባ እፍኛቸውን ዘግነው አዩት፣ አሸተቱት። «አቧራ ነው» አሉ። «ርገጡ።»

ረገጥን። እግሬ ደነዘዘ። ሁለተኛው ውሃ ሳሳ። በሦስተኛው ከሥር ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታይ ነበር። አባ ምንጣፉን አስነስተው አፍንጫቸውን ቀበሩበት፤ ቀና ሲሉ ግን ይሸታልም፣ አይሸትምም አላሉም። ይልቅ ቁጭ አሉና፣ «ጫንልኝ» አሉት ወዳጆን።

«አባ፣ ኩታዎ!» አለ ዲያቆኑ ደንግጦ።

«ኩታዬ ይመስክራ» አሉ።

ውሃ የጠገበ ምንጣፍ ክብደቱን ማን ይነግራችኋል! ሽማግሌው በነጭ ኩታቸው ላይ ተሸክመውት ዳገቱን ወጡ። ውሃው ከጀርባቸው ተረከዛቸው ድረስ ይንጠባጠባል። ሊያግዟቸው የመጡትን ወንዶች በእጃቸው መለሷቸው። እኔ ከኋላ ስከተል ሌላ ምንም አላየሁም፤ ትከሻቸውን ብቻ። ከምንጣፉ ጠርዝ ሥር የሚታየው ጨርቅ እርጥብ ነው፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ግን ማን ያውቃል። አንዱን አባታችን ሆይ ሳልጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ።

ደጀ ሰላሙ ላይ ሲደርሱ ምንጣፉን አወረዱ፤ ከዚያ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ቆሙ። ኩታው ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው በስብሶ ገላቸው ላይ ተጣብቋል። ነጭ ነው። ጠብታ የለበትም፤ የጥፍር ያህል ወይን ጠጅ የለበትም።

«ይግባ» አሉ አባ መርስዔ ኃዘን፣ ዞር ሳይሉ። «ከመቅደሱ መጋረጃ፣ ከመንጦላዕቱ ፊት ይነጠፍ። ስለቷ ሰምሯል።»

ስለት ያገባች ሴት ለራሷ እልል አትልም፤ እልልታው የሌላ ሴት ነው፣ ወጉ እንዲያ ነው። እኔ ወጉን አልጠበቅሁም። ወዳጆ አጠገቤ ቆሞ፣ እግሩ ከብርዱ ጠቁሮ፣ ዕንባውን ሳይጠርግ ሲስቅ ሳየው ጉሮሮዬ በራሱ ተከፈተና እልልታዬን አቀለጥኩት። ብቻዬን ነበርኩ። ሰው ሁሉ ያየኝ ጀመር።

ከዚያ ከኋላዬ አንድ ሌላ እልልታ ተነሳ፣ ከኔ የበለጠ ረጅም፣ ከኔ የበለጠ ቀጭን፤ ሌሎቹ ሴቶች የተቀበሉት ከሱ በኋላ ነው። ዞር ማለት አላስፈለገኝም፤ የጥሩሸዋን ድምፅ አውቀዋለሁ።