የነሐሴዋ አንዲት መስመር

ፒተር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ጎን የዘነበለው ሰኞ ጠዋት፣ የመጋቢት ፀሐይ የክሊኒኩን ቆርቆሮ ማጋል ስትጀምር ነበር። በጀዊ መጠለያ ጣቢያ በሚገኘው ክሊኒክ የታካሚ መዝጋቢ ነው። እሱም እንደሚመዘግባቸው ሰዎች ስደተኛ ሲሆን ዕድሜው ሃያ ሰባት ነው፤ የልቡ አንዱ በር ከልጅነቱ ጀምሮ በደንብ አይዘጋም። ሲስተር ኮከብ ደግፋ አልጋ ላይ ስታስተኛው ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። ቢሆንም ኮምፒውተሩን እንዳያጠፉበት በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ያልጨረሰው ቅጽ ነበረበት።

በሪሁን ይህን የሰማው ከተማ ካለው ቢሮው ሆኖ በስልክ ነው። በሪሁን የድርጅቱ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ከደብረ ታቦር ለስድስት ወር ብሎ መጥቶ ጋምቤላ ዘጠኝ ዓመት ከርሟል። ኢታንግ መስመር ጠፋ ሲሉት ኢታንግ፣ ጀዊ ሲሉት ጀዊ ይሄዳል፤ አይጥ የቆረጠውን ኬብል ይቀጥላል፣ ንፋስ ያዞረውን የሳተላይት ሳህን ያቀናል። ከፒተር ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ነው። ሌላው ሰው “አይሠራም” ብሎ ስልኩን ሲዘጋበት፣ ፒተር ግን የትኛው መብራት እንደጠፋና በስንት ሰዓት እንደጠፋ በደብተር ጽፎ ይጠብቀው ነበር። በሪሁን ከምሳ በኋላ ሥራ ሳይኖረውም እሱ ዘንድ ተቀምጦ የሚያወራበት ቀን ነበር።

ድንገት የታመመ ሰው ከጀዊ በመኪና ተጭኖ ከተማ ሆስፒታል ይገባል። ጊዜ የሚሰጥ ሕመም ያለበት፣ ልብም ይሁን ዕጢ ወይም ዓይን፣ አዲስ አበባ ድረስ መላክ ካለበት ግን ሐኪሙ ያዝዝና ፒተር ቅጹን ሞልቶ ጋምቤላ ወዳለው ሰርቨር፣ የድርጅቱ ዋና ኮምፒውተር፣ ይልካል። ከዚያ አዲስ አበባ ያሉት አይተው ይፈቅዳሉ። መልሱ ድሮም ሦስት አራት ወር ስለሚፈጅ መጠበቅ አዲስ ነገር አልነበረም። የራሱንም ቅጽ ኅዳር ላይ በገዛ እጁ ሞላ። ሲልከው አረንጓዴ ምልክት መጣና “ተልኳል” አለው።

ጥር ላይ፣ ጥቅምት ላይ ለላካቸውም መልስ ስላልመጣ እስቲ መስመሩን እይልኝ ብሎ በሪሁንን ጠየቀው። በሪሁን ከቢሮው ሳይነሣ፣ ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ ጽፎ ሰርቨሩን በስሙ እንዲጠራው በስልክ መራው። ፒተር አራት ጊዜ ጠራ፤ አራቴም መልስ መጣ። በሪሁንም መስመሩ ጤነኛ ነው፣ የሚያዘገዩት አዲስ አበባ ያሉት ናቸው አለው። የካቲት ላይ እንደገና ጠየቀው። ያን ቀን በሪሁን ሥራ በዝቶበት ነበርና ትንሽ ቆጣ ብሎ፣ የእኔ ሥራ መስመሩ ነው፣ እሱን ደግሞ አይተነዋል አለው። ፒተር ይቅርታ ጠይቆ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀውም።

ሰኞ ዕለት ግን ሲስተር ኮከብ ስትነግረው በሪሁን መቀመጥ አቃተው። በዘጠኝ ዓመቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ አዲስ አበባ ሪፈሩን የምትፈቅደዋን ቤርሳቤ የምትባል ሴት ስልክ አፈላልጎ ደወለላት። የልብ ሕመምተኛ ነው፣ ኅዳር ላይ ተልኮላችኋል፣ እባክሽ አፋጥኚልን አላት። ሴትዮዋ ስትፈልግ ቆየች።

“ከጀዊ ነው ያልከኝ?” አለችው። “ከጀዊ ከጥቅምት ወዲህ አንድም ጥያቄ ደርሶኝ አያውቅም። እንዲያውም ታካሚ ቀንሷል ብለን ሪፖርት ውስጥ አስገብተነዋል።”

መኪና አስነሥቶ ጀዊ ሲደርስ ፒተር በኦክስጅን ተኝቶ ነበር። እኅቱ ኛሩዋይ እግሩ ሥር ተቀምጣ በካርቶን ቁራጭ ታራግበዋለች። በሪሁን ሰላምታ ሰጥቶ ወደ መዝገብ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ።

እንደ ልማዱ ከታች ጀመረ። ኬብሉን አየ፤ ደህና ነው። የኔትወርክ ሣጥኑን መብራቶች አየ፤ ሁሉም በርተዋል። ሰርቨሩን በስሙ ጠራ፤ መለሰ። ጥር ላይ ያቆመው እዚህ ላይ ነበር። አሁን ግን የመለሰለትን ቁጥር አነበበ። መጨረሻው አሥራ አንድ ይላል። የእሱ ሰርቨር መጨረሻው አርባ ነው።

ኮምፒውተር ሌላውን ኮምፒውተር የሚያገኘው በቁጥር ነው፤ ሰው ግን በስም ይጠራል። ስሙን ሰምቶ ቁጥሩን የሚነግር ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት አለ። በሪሁን ዲኤንኤሱን ለብቻው ጠየቀው፤ አርባ ብሎ በትክክል መለሰለት። እንግዲያው ይህ ኮምፒውተር ዲኤንኤሱን አልጠየቀም ማለት ነው። ሳይጠይቅ ቁጥር የሚያገኝበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው በእጁ ስምና ቁጥር የሚጽፍበት ትንሽ ፋይል። በሪሁን ፋይሉን ሳይከፍተው አወቀ። ከፈተው። አንዲት መስመር ነበረች፤ ከጎኗም “ለጊዜው። በሪሁን። ነሐሴ” ይላል።

ሁሉም ትዝ አለው። ነሐሴ ላይ በዝናቡ ዲኤንኤሱ ከጀዊ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ሥራ ቆሞ ሰዉ ሲጨነቅ፣ የሰርቨሩን ቁጥር እዚህ ፋይል ውስጥ በእጁ ጻፈና ወዲያው ሠራ። ሲስተር ኮከብ በደስታ ምሳ ጋበዘችው። ጥቅምት ላይ አዲስ ሰርቨር መጣ፤ ቁጥሩም ተለወጠ። ዲኤንኤሱ ላይ አዲሱን ቁጥር ሲያስገባ ሁሉም ቢሮ ተከትሎ ሄደ። ይህ ኮምፒውተር ብቻ ነሐሴ ላይ በተሰጠው ቁጥር ቀረ። አሮጌውን ሰርቨር ምናልባት የጎደለ ነገር ካለ ብሎ ለሁለት ሳምንት እንደበራ ዕቃ ቤት አስቀምጦት ነበር። ሁለቱ ሳምንት አምስት ወር ሆነ። ማንም የማያየው ማሽን ፒተር የላከለትን ሁሉ እየተቀበለ፣ ስሙ ሲጠራም አቤት እያለ ቆየ።

ቆጠራቸው። ሃያ ሦስት ሰው።

ሲስተር ኮከብ በሩን ገፋ አድርጋ፣ “ኔትወርኩ ነው?” አለችው።

“አይደለም” አላት። መስመሯን አጠፋ፤ ሃያ ሦስቱንም ወደ አዲሱ ሰርቨር አዛወረና ቤርሳቤ መቀበሏን ለማረጋገጥ ስሞቹን በስልክ አንድ በአንድ አስነበባት። የፒተርን ስም ሁለት ጊዜ አስነበባት።

ፒተር በዚያው ቀን ከተማ ሆስፒታል ገባ። ቤርሳቤ የምትችለውን አደረገች፤ ረቡዕ ፈቃዱ መጣ፣ ለዓርብ የአውሮፕላን ቦታ ተገኘ። እነዚያን ሁለት ቀናት በሪሁን እህል በአፉ አልዞረም። ለአለቃው ለአቶ ሩፋኤል ነገሩን ሲነግራቸው፣ እሳቸው ሪፖርቱ ላይ የኔትወርክ መቆራረጥ ብሎ እንዲጽፍ መከሩት። መቆራረጡ እንደሆነ በዚህ አገር እውነት ነው፣ የሚጠይቅህም የለም አሉት። በሪሁን ወጣ። በውስጡ አንድ ነገር ብቻ ይመላለሳል፤ ዓርብ ይድረስ እንጂ ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ዓርብ ዕለት ፒተርን በአምቡላንስ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሱት። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ስላለው ኛሩዋይ ጫማውን በፌስታል ይዛለች። አብሮት የሚበረው ሐኪም፣ ዶክተር ረድዋን፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ደረቱን አዳመጠ፣ በጣቱ ላይ ያለውን መለኪያ አየ፤ ጠብቆ ደግሞ አየ። ከዚያ ወርዶ በሪሁንንና ኛሩዋይን ወደ ጥላው ጠራቸው። ሳንባው ውኃ ይዟል፣ እንዲህ ሆኖ ከፍታውን አይችለውም፣ አየር ላይ ይሞትብኛል አላቸው። በሪሁን፣ ቀድሞ ቢሆንስ ኖሮ? ብሎ ጠየቀ። ባይጠይቅ በወደደ።

“ጥር ላይ ቢሆን በእግሩ ሄዶ ይሳፈር ነበር” አለ ሐኪሙ። ሊጎዳው ብሎ አልነበረም፤ ማን እንደጠየቀው አያውቅም።

አውሮፕላኑ ሲነሣ እነሱ ወደ ከተማው ሆስፒታል እየተመለሱ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ኛሩዋይ ልብስ ልታጥብ ስትወጣ በሪሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፒተር በሦስት ትራስ ተደግፎ፣ እያረፈ ነው የሚናገረው። ድሮም ነገር ሲበላሽ ምክንያቱን ሳያውቅ የሚተኛ ሰው አልነበረም።

“በሪ፣ ችግሩ ምን ነበር?” አለው።

በሪሁን የኔትወርክ መቆራረጥ የሚለው ቃል አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠው።

“እኔ ነኝ” አለ። “ነሐሴ ላይ ኮምፒውተርህ ውስጥ አንድ መስመር ጽፌ ነበር፣ ለጊዜው ብዬ። ሰርቨሩን ስቀይር ማጥፋት ነበረብኝ፤ ረሳሁት። የላክኸው ሁሉ አሮጌው ማሽን ላይ ነበር የቆየው።”

ፒተር ጣሪያውን አየ።

“ግን ስንጠራው መለሰ።”

“መለሰ። የመለሰልን ሌላ ነበር። ቁጥሩን አላየሁትም።”

“እኔ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጽፌያለሁ” አለ ፒተር። “ጥር ላይ ጻፍኩ። አንተ አልጠየቅኸኝም።”

በሪሁን አንገቱን ደፋ። ይሰድበኛል፣ ውጣልኝ ይለኛል ብሎ ጠበቀ። ስለ ልቡም ስለቀረበት ዕድሜም የሚለውን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነበር። ፒተር የተናገረው ግን ሌላ ነው።

“ሃያ ሁለት ሰው አለ። እኔ ቤታቸው ሄጄ ‘ሄዷል’ አልኩ። በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፣ ‘ሄዷል፣ ጠብቁ’ እላለሁ። አንተ ውሸታም አደረግኸኝ።” ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየና፣ “አንተ ራስህ ሂድ። በስልክ አይደለም። ፒተር አልዋሸም በል” አለው።

በሪሁን እሄዳለሁ አለ። ይቅር በለኝም አለ፤ ለዚህኛው ግን ፒተር መልስ አልሰጠውም። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ በሪሁን እስከ ዛሬ አያውቅም። እሑድ ማለዳ፣ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት ሰዓት፣ ፒተር አረፈ። ጀዊ ቀበሩት። ጉድጓዱ ዳር ሽማግሌዎች በኑዌርኛ ሲጸልዩ በሪሁን አንዲት ቃል ሳይገባው ከኋላ ቆሞ ነበር።

ከቀብሩ ማግስት ሪፖርቱን ጻፈ። የሆነውን በሙሉ በስሙ አሰፈረና ለአቶ ሩፋኤል ሰጣቸው፤ እሳቸውም አንብበው ሳያርሙት ወደ አዲስ አበባ ላኩለት። ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። በሳምንቱ የመጣው መልስ አራት መስመር ነው፤ የቴክኒክ ስሕተት መከሰቱን ተገንዝበናል፣ ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። በሪሁን ደብዳቤውን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆመ። ቢቀጡት ኖሮ ጸጸቱን የሚያሳርፍበት ነገር ያገኝ ነበር።

በማግስቱ ጀዊ ሄዶ ኛሩዋይን፣ ታስተረጉሚልኛለሽ ወይ? ብሎ ለመናት። የወንድሟን ሞት ምክንያት አስቀድሞ ነግሯት ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን አታየውም። ሆኖም ወንድሜ ካለ እሺ አለችና ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ከፊቱ ሄደች።

በየቤቱ ዞሩ። አንዱ ጎልማሳ ዓይኑን ለመታከም ሲጠብቅ ብርሃኑ ጭራሽ ጠፍቶ፣ ልጁ እየመራችው ወጣ፤ ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ በሪሁንን ስለ መምጣቱ አመሰገነው። አንዷ እናት ሰምታ ወደ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋችው። በሦስት ቤት ሕመምተኛው አልፏል። በእያንዳንዱ ቤት በሪሁን ተመሳሳይ ቃል ይናገራል፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፒተር አልዋሸም። ኛሩዋይ የመጀመሪያውን ፈጠን ብላ፣ ሁለተኛውን ቀስ ብላ ታስተረጉመዋለች።

ስምንተኛው ቤት የኛቢየል ነበር። ኛቢየል ጡቷ ላይ ዕጢ ያለባት፣ ስድሳ ያለፋት ሴት ናት፤ ደጃፏ ላይ በቆሎ እየፈለፈለች ነበር። እጇን ሳታቆም ሰማችው። አሁንስ? ብላ ጠየቀች። አሁን ልኬዋለሁ፣ ደርሷል አላት። ኛቢየል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ኛቢየል የተናገረችውን ኛሩዋይ ወደ አማርኛ ስትመልስ ድምፅዋ ተሰበረ።

“መድረሱን በምን አወቅህ? ትላለች።”

በሪሁን ስለ ቁጥሩ ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። ስልኩን አውጥቶ ቤርሳቤ ጋ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሴትዮዋን ስም እንድታነብ ለመናት። ቤርሳቤ ስሙን አጣማ አነበበችው። ኛቢየል አላወቀችውም። ሁለተኛ ተነበበ፣ አሁንም አላወቀችውም። በሦስተኛው ኛሩዋይ ስልኩ ላይ አጎንብሳ ስሙን ፊደል በፊደል ነገረቻትና ያኔ ኛቢየል ራሷን ነቀነቀች። ቀጠሮው መቼ ነው ተባለ። ቤርሳቤ ወረፋው ጥያቄው ከደረሳቸው ቀን እንደ አዲስ እንደሚጀምር፣ አራት ወር ሊፈጅ እንደሚችል ተናገረች። ኛሩዋይ አስተረጎመች። ኛቢየል እጇን ከቀሚሷ በላይ ዕጢው ያለበት ቦታ ላይ ጥቂት አሳረፈችና ወደ በቆሎዋ ተመለሰች።

ዘጠነኛው ቤት በሩ በሽቦ ታስሯል። ጎረቤቷ ወጥታ፣ ልጅቷን የካቲት ላይ ቀብረው ወደ ደቡብ ሱዳን ተሻግረዋል፣ አይመለሱም አለች። በሪሁን የሃያ ሁለቱን ስም የጻፈበትን ወረቀት አወጣ። ከልጅቷ ስም ጎን ምን እንደሚጽፍ ጠፋው። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ነበረች፤ ኛሩዋይ ግን ሳትጠብቀው ወደ ቀጣዩ ቤት መሄድ ጀምራለች፤ ተከተላት።