የት እንሂድ ትያለሽ?

ፈይሳ የሳምንት እንቅልፌን የወሰደው ፈረስ ላይ ሆኖ ነው። ከየመሥሪያ ቤታችን ጓደኞች ጋር ተሰባስበን ቅዳሜ ዕለት ወንጪ ወርደን፣ ሐይቁን አይተን፣ ዳገቱን በፈረስ ስንመለስ እሱ ከኋላዬ ነበር። እኔ ፈረስ ላይ ስወጣ ሃይማኖቴ ይጠነክራል፤ ኮርቻውን በሁለት እጄ ሙጭጭ አድርጌ የማውቃቸውን ታቦታት በሙሉ እየጠራሁ ነበር። በዚህ መሀል ነው እንደ ዋዛ፣ "እድገት ተሰጥቶኛል። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ፣ አንዱን ምረጥ ብለውኛል። የት እንሂድ ትያለሽ?" ያለኝ።

ዞር ብዬ ምን አልክ ልለው ስል ፈረሴ ቤቱ ትዝ አለውና ሽቅብ ፈረጠጠ። እኔም ጥያቄውን ይዤ አብሬው ፈረጠጥኩ። አናቱ ላይ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ከበበን፤ ፈይሳ ጠጋ ብሎ መልስ የሚሰጠው ከሳምንት በኋላ ሰኞ ስለሆነ እስከዚያ እሁድ ድረስ እንዳስብበት ብቻ ነገረኝና ጫማውን ሊያራግፍ ሄደ።

እንሂድ ነው ያለው። ልሂድ አላለም። አማርኛ ክፉ ቋንቋ ነው፤ የሰው ዕጣ በአንዲት "እን" ላይ ይንጠለጠላል። ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ በዚያው ቀን እልል እል ነበር። ችግሩ ፈይሳ ሁሉንም ነገር በ"እኛ" መናገሩ ነው። የባኮ ልጅ ነው፤ የምርጥ ዘር በቆሎ ፕሮጀክት ውስጥ ይሠራል። ዘራን፣ አረምን፣ ዝናብ ጠበቅን ይላል፤ ሲያርም አይቼው ግን አላውቅም። ስለዚህ "እንሂድ" ሲል እኔና እሱ ልንሆን እንችላለን፤ እሱ፣ ሾፌሩ ነጋሳና የፕሮጀክቱ ፒካፕም ሊሆኑ ይችላሉ።

ለምን አልጠየቅሽውም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ከቢሮዬ ሰፈሬ ድረስ ይሸኘኛል፣ በራችን ላይ ሲደርስ ደህና እደሪ ይለኛል፣ ይሄዳል። ሽማግሌ አልላከም። ሽማግሌ ያልላከን ወንድ "እኔንም ይጨምራል?" ብዬ ልጠይቅ? የወይዘሮ ወለተ ማርያም ልጅ ቀድማ ጠየቀች ከሚባል ተመልሼ ወንጪ ሐይቅ ብገባ ይሻለኛል። ኩራት እራት አይሆንም ይሉኛል፣ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ እራት አልነበረኝም።

ስለዚህ ቢያንስ ከተማውን ልምረጥ አልኩ። እኔ አምቦ ተወልጄ፣ አምቦ ተምሬ፣ አምቦ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ተቀጥሬ የቀረሁ ሰው ነኝ። አዲስ አበባም ቢሆን ለሠርግና ለለቅሶ እንጂ አድሬበት አላውቅም። የኖረ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ።

በመጀመሪያ አስያ ዘንድ ሄድኩ። አስያ ከእኔ ትይዩ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራ የድሬ ልጅ ናት። ገና ከተማውን ስጠራባት ማህተሟን አስቀመጠችው። አቦ፣ ድሬ እኮ በር አይዘጋም አለችኝ። ዕቃሽን ሳታወርጂ ጎረቤት ምሳ ያበላሻል፤ የማን ልጅ ነሽ፣ አገርሽ የት ነው የሚልሽ የለም፤ እኩለ ቀን ላይ ከተማው በሙሉ ይተኛል፤ ማታ ደግሞ ሰው ሁሉ ውጪ ወጥቶ ይጫወታል። በምሳ ሰዓት መተኛት ሕጋዊ የሆነበት ከተማ መኖሩን ስሰማ ልቤ ቀለጠ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በሐሳቤ ከዚራ በሚባለው የድሬ ሰፈር ዛፎች ሥር ስስ ሽፎን ለብሼ እንሸራሸር ነበር። ከዚያ ስለ ሙቀቱ ጠየቅኳት። ሙቀት ምን አላት፣ ሲብስ ፍራሽ ይዘን ግቢ እንተኛለን አለችኝ። እኔ ባኮ ወርጄ እንኳ ራሴን ልስት ደርሼ ፈይሳ በበቆሎ ቅጠል ያራገበልኝ ሰው ነኝ። ድሬዳዋን ለብሼ ሳልጨርስ አወለቅኳት።

በማግስቱ ዶርቃስን ያዝኳት። ዶርቃስ ኮሌጃችን ውስጥ ሒሳብ የምታስተምር፣ ሐዋሳ ያደገች፣ ቃሏ ሁሉ ለስላሳ የሆነ ሴት ናት። ሐዋሳ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ ብስክሌት ትነጃለሽ፣ ዓሣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠሽ ትበያለሽ፣ ሰው አይሮጥም፣ ይንሸራሸራል አለችኝ። ወዲያው ብስክሌት መንዳት ጀመርኩ፤ ቢሮዬ ውስጥ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ። ዶርቃስ ግን እውነት መደበቅ ስለማትችል ቢምቢውን ጨመረችልኝ፤ ሐይቁ ዳር ጦጣ ሳንድዊቿን ከእጇ ነጥቃ ዛፍ ላይ ወጥታ እያየቻት እንደበላችው ጨመረችልኝ። በመጨረሻም እሁድ እሁድ የሠርግ መኪና ጡሩምባ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማያቆም ላላገባች ሴት እሁድ ከቤት መውጣት እንደማያዋጣ በደግነት መከረችኝ። ሐዋሳንም እዚያው ላይ ጣልኳት።

የቀረችው አዲስ አበባ ነበረች። አጎቴ ጋሽ ገብረአማኑኤል ዕድሜውን እዚያ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ነው ወደ አምቦ የተመለሰው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ቤት ኪራይ የሚከፍለው በከንቱ ነው፣ የሚኖረው ታክሲ ውስጥ ነው አለኝ። ውሃ በተራ ትመጣለች፣ ያውም ሰው ሲተኛ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤትህን የምታውቀው በር ላይ ባወለቀው ጫማ ነው። ይህን ሁሉ ካማ በኋላ ግን ዓይኑ በራ። ስለ ፒያሳ ማኪያቶ፣ ስለ ቴአትር ሰልፍ፣ በዝናብ ካፖርት ለብሶ ስለ መራመድ አወራኝ። "እዚያ ስታለቅሺም ስትስቂም ማንም ምን ሆንሽ አይልሽም" አለኝ። ሙገሳ ነው እርግማን ብዬ ብጠይቀው፣ "እንደ ቀኑ ነው" አለ።

ይህን ሁሉ ስጠይቅ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አምቦ ውስጥ በአንዱ ጫፍ ያስነጠሰች ሴት በሌላኛው ጫፍ ይማርሽ ትባላለች። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላሉ፤ አምቦ ግን ወሬ ጨመረችበት። አንዱ የባጃጅ ሾፌር ድሬ ገባሽ አሉ ብሎ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት ሐዋሳ ሄጄ እንዳልረሳት አስማለችኝ። ቤት ስገባ እናቴ በርበሬ ዘርግታ እያሰጣች ነው። ጠዋት ጠዋት ልጄ ልትለየኝ ነው እያለች ታለቅሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ልጄ ትልቅ ከተማ ልትገባ ነው እያለች ለጎረቤት ትኩራራለች። ሁለቱም ከልቧ ነው።

"በርበሬው ለሦስቱም ከተማ ይሆናል" አለችኝ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ግን ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?"

ወደ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ለትዳር አለመጠየቄ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ፈይሳ የከተማውን ነገር ሳያነሳ ሲሸኘኝ፣ በሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ወደ ቤት ስሻገር ሰው ሁሉ ከማዶ ስሜን እየጠራ ሰላም ይለኛል። አንዱ እንዴት አመሸሽ፣ አንዷ በኦሮምኛ እንዴት ዋልሽ ለማለት አካም ኦልቴ ማሂ፣ አንዱ ደግሞ እናትሽ ጉልበቷን ተሻላት ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህች ከተማ ጠበበችኝ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑ እኔ ላይ ነው እያልኩ ለፈይሳ ስነጫነጭ ነበር። አሁን ሦስት ከተማ በሐሳቤ ኖሬ ስመለስ ለካ ከሁሉም ውስጥ ስፈልግ የነበረው ከማዶ የሚጠራኝ ሰው ነው። አምቦን እወዳታለሁ። ፈይሳንም እወደዋለሁ፤ እሱ ከሄደ ደግሞ ድልድዩን ብቻዬን እንዴት እንደምሻገረው አላውቅም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሆቴል ግቢ ዛፍ ሥር ተገናኘን። ፈይሳ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ይህ ራሱ አስደነገጠኝ። ድሬዳዋን መምረጤን ነጋሳ እንደነገረው ነገረኝ። አልመረጥኩም አልኩት። ሐዋሳ ነው የሚሉም አሉ አለኝ። እሱንም አልመረጥኩም አልኩት፤ ደሜ እየፈላ መጣ።

"እኔን ተወኝ" አልኩት። "እስቲ አንተ ተናገር። ልብህ የሚለውን በአንድ ቃል ንገረኝ።"

ፈይሳ ቀና አለ። በራሴ ላይ አሻግሮ አየ።

"አምቦ" አለ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም። የፕላስቲክ ወንበሬ ወደ ኋላ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ሳምንቱን ሙሉ የታፈነው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። የድሬን ሙቀት አልችልም፣ የሐዋሳን ሠርግ ማየት አልፈልግም፣ ታክሲ ውስጥ መኖር አይሆንልኝም፣ እናቴ በርበሬ አስጥታ ጨርሳለች፣ አምቦ ካልክማ አምቦ፣ እኔም አምቦ፣ ከአንተ ጋር ከሆነ አምቦ ትበቃኛለች፣ ብቻ ሽማግሌ ላክ አልኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ላክ ማለቴን ራሴ የሰማሁት ካልኩ በኋላ ነው። ሦስት ጠረጴዛ ማዶ የተቀመጡት የእናቴ ማኅበርተኛ ወይዘሮ ድንቅቱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልልታቸውን አቀለጡት። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌም አጨበጨቡ።

"ማል ጄቴ?" አለ ፈይሳ፣ ምን አልሽ ማለቱ ነው። ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋበታል።

ያኔ ከኋላዬ የአስተናጋጇ የሃዋኒ ድምፅ መጣ።

"አምቦው ቀዝቃዛ ይሁን ኖርማል?"

አገሩ በሙሉ ጋዝ ያለውን ውሃ በከተማችን ስም ይጠራል። ሌላው ሰው ይጠጣዋል፤ እኛ የአምቦ ልጆች ደግሞ እንደዚህ እንሆንበታለን። ወንበሬን አንስቼ ተቀመጥኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በደስታ እገባ ነበር፤ ግን ወይዘሮ ድንቅቱ እያዩኝ ነው፣ መሬቷም የአምቦ መሬት ስለሆነች ወሬውን ታወጣዋለች። ሃዋኒ መልስ ስታጣ ሁለቱንም አመጣለሁ ብላ ሄደች።

ፈይሳ መሳቅ ጀመረ። መጀመሪያ በትከሻው፣ ከዚያ በሆዱ፣ በመጨረሻ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ።

"ምን ያስቅሃል?" አልኩት።

"ውሃ ነበር ያዘዝኩት" አለ።

"ገብቶኛል!"

ዓይኑን ጠራርጎ ሲያበቃ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኝ። ባለበት ደረጃ አምቦ መቆየት ይችል ነበር፤ አልነገረኝም፣ ምክንያቱም ከተማው ጠበበኝ እያልኩ ጆሮውን ያደነቆርኩት እኔ ነኝ። እድገቱን አመልክቶ ያገኘው፣ በቆሎ የማይበቅልበት ከተማ ድረስ ለመሄድ የተስማማው፣ እኔን ከአምቦ ለማውጣት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ከተሞች መጠየቄን ሲሰማ ደግሞ ለመሄድ ምን ያህል እንደቸኮልኩ ያየ መስሎት ሆዱ ባብቶ ነበር። እሱም ለካ መሄድ አልፈለገም።

"ሽማግሌዎቹስ?" አልኩት። አንዴ ካልኩት በኋላ ማፈር ምን ይሠራል።

"ተዘጋጅተው ባኮ ተቀምጠዋል። አባቴ ናቸው ያስቆሟቸው። የልጅቷ ወገን መጀመሪያ የሚጠይቀው የት ሊያኖራት ነው ብሎ ነው፤ ከተማውን ሳታውቅ ሰው አትላክ አሉኝ።" የሸሚዙን ኮሌታ አስተካክሎ ጨመረ። "ለዚያ ነው ፈረስ ላይ የጠየቅኩሽ።"

እንግዲህ የሳምንቱን ጥያቄ የምጠይቅበት ሰዓት ይህ ነበር። "ያኔ 'እንሂድ' ስትል" አልኩት፣ "እኛ ማለት ማንና ማን ነው?"

ፈይሳ ፀሐይ በየት ትወጣለች ብዬ የጠየቅኩት ይመስል አየኝ። "አንቺና እኔ ነዋ። ሌላ ማን አለ?"

"ነጋሳ" አልኩት። "ከነፒካፑ።"

እንደገና ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። እኔም አልቻልኩም፤ እያለቀስኩ ነው የሳቅኩት። አዲስ አበባ ቢሆን ማንም ምን ሆናችሁ አይለንም ነበር። እዚህ ግን ሦስት ጠረጴዛ በየተራ ጠየቀን፣ ወይዘሮ ድንቅቱም መልሱን ሳይጠብቁ ለእናቴ ስልክ እየመቱ ነበር።

በዚህ መሀል ሃዋኒ የብዙ ጠረጴዛ ትዕዛዝ በአንድ ትሪ ተሸክማ ተመለሰች። ግርግሩ አደናግሯት የማን የማን እንደሆነ ጠፍቶባታል። ግቢው መሀል ቆማ፣ ሁለቱን ጠርሙስ ከትሪው ላይ ከፍ አድርጋ፣ "አምቦ የማን ነው?" አለች።

ፈይሳና እኔ እኩል እጃችንን አወጣን።

"የእኛ" አልናት።