ስንት ናችሁ?

በኅዳር ወር ሁለተኛው ሰኞ ጠዋት ሁኔታው እንዲህ ነበር። ፈዲላ አብዱልገኒ የምህንድስና አንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ የምትኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናትና አባቷ ጋር ነው። የሂሳብ ትምህርት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 2፡00 ይጀምራል። መምህሩ ታዴዎስ 2፡15 ሲሆን በሩን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ እንደ ቀረ ይቆጠራል። ሦስት ጊዜ የቀረ ተማሪ የማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም። ፈዲላ ሁለት ጊዜ ቀርታለች። ሁለተኛው ያን ዕለት ሲሆን የደረሰችው 2፡16 ነው።

በሩን አላንኳኳችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ በመስታወቱ በኩል ሰሌዳው ላይ ያለውን ገለበጠች። ትምህርቱ ሲያልቅ ታዴዎስ ወጥቶ ደብተሯን አየ፤ አንድ የተሳሳተችውን መስመር አሳያትና እዚያው ቆሞ አስረዳት።

"ምልክቱን ግን አልሰርዘውም" አላት።

"ገብቶኛል፣ መምህር።"

"ሦስተኛው እንዳይመጣ።"

አጠገቧ የሚቀመጠው ያቤጽ ከሀዋሳ የመጣ ልጅ ነው፤ ዶርም አለው። በዚህ ግቢ የአዲስ አበባ ልጅ ዶርም አይሰጠውም።

"እኔ 1፡50 ነው የምነሳው። ታጥቤ፣ ለብሼ እንኳን ቀድሜሽ እገባለሁ" አላት።

"ታጥቤ ያልከው ይጣራል።"

ፈዲላን የገረማት አስልታ መርፈዷ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ስትመዘግብ ቆይታለች። ከ12፡00 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በአማካይ በየአራት ደቂቃው አንድ ታክሲ ይነሳል። አንዱ አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል፤ ስለዚህ ሰልፉ በደቂቃ በሦስት ሰው ያጥራል። መንገዱ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ ከመገናኛ እስከ ክፍሏ ደግሞ የአሥራ ሁለት ደቂቃ እግር መንገድ ነው። ያን ሰኞ 12፡30 ላይ ስትሰለፍ ከፊቷ ዘጠና ሰው ቆጥራ ነበር። 1፡00 ተሳፍራ 2፡02 መድረስ ነበረባት። የተሳፈረችው 1፡14 ነው።

ረቡዕ ዕለት እንደ ፈሪ ሰው አደረገች። ገና ሳይነጋ 11፡40 ላይ ከቤት ወጣች፤ አባቷም ጋቢ ደርበው እስከ ሰልፉ ሸኟት። ክፍል ስትደርስ 1፡05 አልሞላም። ታዴዎስ ገብቶ ስም ሲጠራ "አለሁ" አለች፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን አታስታውስም። ያቤጽ በክርኑ ሲነካት ሰሌዳው ሁለት ጊዜ ተሞልቶ ሁለት ጊዜ ተጠርጎ ነበር።

"መገኘትሽን ቆጥሮልሻል። አንቺን ነው ያጣነው" አላት።

ዓርብ ደግሞ ከሃያ የሚታረም ፈተና ነበረ። በመጀመሪያው ዘጠኝ ነው ያገኘችው። በሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ነቅታም መድረስ አለባት።

ሐሙስ ጠዋት ትምህርት የላትም፤ ቢሆንም 12፡30 ላይ ሄዳ ተሰለፈች። ከፊቷ ሰማንያ አራት ሰው ቆሟል። ሃያ ስምንት ደቂቃ ብላ ጻፈች። ከዚያ ሰዎቹን ትታ የሚሄዱትን ታክሲዎች ቆጠረች። ተራዋ ሊደርስ ሲል አሥር ታክሲ ሞልቶ ሄዷል። መቶ ሃያ ሰው ማለት ነው። አርባ ደቂቃ አልፏል።

ሠላሳ ስድስት ሰው ከየት መጣ ብላ ስታስብ፣ ፀጉራቸው ገና ያልደረቀ ሁለት ሴቶች መጥተው ከፊቷ ገቡ። ማንም አልተናገራቸውም። የገቡት ከማሚቱ ፊት ነው። ማሚቱ እነ ፈዲላ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ወሎ ሰፈር አንድ ሆቴል ልብስ ንጽህና ክፍል የሚሠሩ ሴት ናቸው።

"እትዬ ማሚቱ፣ እነዚህ ከየት መጡ?"

"ከቤታቸው ነዋ። ሊሊና እንቁ ናቸው፣ የሥራ ባልደረቦቼ። ተራ ይዤላቸው ነበር።"

"እኔ እኮ አንድ ብዬ ነው የቆጠርኩዎት።"

"እኔ? እኛ ሦስት ነን" አሉ ማሚቱ።

ፈዲላ ሳቀች። እሷም ዳቦ ቤት ለእናቷ ተራ ይዛ ታውቃለች። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ግን የተማረችው በእግሯ እየተመላለሰች ስለሆነ የታክሲ ሰልፍ አታውቅም ነበር፤ ስትቆጥርም የቆጠረችው የቆመውን ብቻ ነው።

ዓርብ 12፡20 ላይ ደረሰች።

"እትዬ ማሚቱ፣ ተራዬን ይያዙልኝ" አለችና ወደ ሰልፉ መጀመሪያ ሄደች። ከዚያ አንድ በአንድ "ስንት ናችሁ?" እያለች ወደ ኋላ መጣች።

"ሁለት።"

"አንድ።"

"ልጄን ጨምሮ ሦስት፤ ልጄ ግን ጭኔ ላይ ነው የሚቀመጠው።"

ኮት የለበሱ ሰውዬ መነጽራቸውን አወለቁ። "ለወረዳ ነው?"

"አይ፣ ለራሴ ነው፣ አባ።"

"ለራስሽ ከሆነ አንድ ነኝ። ለወረዳ ከሆነ አምስት ብለሽ ጻፊ።"

ተራ አስከባሪው ሙዘሚል እጁን ኪሱ ከቶ ተከተላት። "ስድስት ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ፣ ሰልፍ በጥያቄ የሚቆጥር አላየሁም።"

"በዓይንህ ስንት ይመስልሃል?"

"ሰማንያ።"

"የቆሙት ሰባ ስምንት ናቸው። ሰዎቹ ግን መቶ አሥራ ሰባት ናቸው።"

ሙዘሚል ሰልፉን እንደ አዲስ አየው። "እኔን ደግሞ ታክሲ ደበቅክ ይሉኛል" አለ።

መቶ አሥራ ሰባት ለሦስት ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ፈዲላ ለማሚቱ 12፡59 እንሳፈራለን አለቻቸው። 12፡41 ላይ ግን ታክሲ ጠፋ። አራት ደቂቃ አለፈ፣ ስምንት ሆነ። ማሚቱ ሻርፓቸውን አጠበቁ። ፈዲላ መንገዱን እያየች ጥፍሯን ነከሰች። ይህን ፈተና ካጣች የሚመጣው ሦስተኛ ምልክት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለጥሩ የማጠቃለያ ፈተና ማጥናት ትርጉም የለውም። 12፡50 ላይ ሁለት ታክሲ ተከታትለው መጡ፣ ወዲያው ሦስተኛው። የተሳፈሩት 1፡01 ነው።

"ሁለት ደቂቃ ተሳስተሻል" አሉ ማሚቱ ከተቀመጡ በኋላ።

"ሰዓቴ ነው።"

"ሰዓትሽን ተዪው። ይልቅ ከሰኞ ጀምሮ አራት እንሁን። የያዘው ሰው ማልዶ ይመጣል፣ ሌላው ተኝቶ ይመጣል። አንቺ ስንት ቀን ትችያለሽ?"

"ሐሙስ ሐሙስ።"

"እኔ ሁለት ቀን እይዛለሁ። እንቅልፍ ድሮም አይወደኝም።"

ፈዲላ ክፍል የገባችው 2፡03 ነው። ከሃያው አሥራ ሰባት አገኘች።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የሰኞ፣ የሐሙስና የዓርብ ቁጥር ሲተያይ እያንዳንዱ የቆመ ሰው በአማካይ አንድ ተኩል ያህል ሆኖ ወጣ። በተራዋ ቀን ሰልፉን አይታ ታባዛለች፤ ሰዎችም "ኢንጂነር፣ ዛሬስ?" ይሏታል። ሐሙስ ሐሙስ ከኋላዋ ለሚቆም ሰው ሳትጠየቅ "አራት ነን" ትላለች፤ ከኋላዋ ያለውም የሚያሰላ ቢሆን እንዳይሳሳትባት ነው። አብዛኛው ሰው ምን ለማለት እንደፈለገች አይገባውም፤ እሺ ይላል።

ከዚያ ዓርብ እስከ ጥር መጨረሻ ሃያ ዘጠኝ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። በሃያ ዘጠኙም ተገኝታለች። በማጠቃለያ ፈተናው ጠዋት ተራ የያዙት ማሚቱ ነበሩ። ፈዲላ 12፡52 ተሳፈረች፤ ክፍሉ በር ላይ የደረሰችው 1፡54 ነው።