በሶል የገባው እንግዳ

በ1976 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲባል በቦሌ መንገድ ያለው አጥር ሁሉ ቀለም እንዲቀባ ታዘዘ። የቀበሌው ሰዎች አጥር ሊቆጥሩ ወጥተው በዚያው ቤቶቹንም ፈተሹ። ከኦሎምፒያ ገባ ብሎ ባለ አንድ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ፒያኖ፣ ፒያኖው ላይ ደግሞ አንድ ደብተር አገኙ። ደብተሩን ይዘው ሄዱ።

ቤቱ የሙዚቃ አስተማሪዋ የየሺመቤት ነበር። ደብተሩ ላይ ለተማሪዎቿ ፈተና ስትዘጋጅ አንድ ሶናታ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተንትናበት ነበር። ሶናታው ከብዙ ዘመን በፊት ቪየና የታተመ የፒያኖ ሙዚቃ ነው። ለራሷ ማስታወሻ ስለነበር ግን «ሶናታ» የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አልጻፈችውም።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራች። ሊቀመንበሩ ጓድ ገብረየስ ስድሳን የተጠጉ፣ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣቱ ጸሐፊ ካሳዬ ደብተሩን ገልጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«‹አንደኛው በቤቱ ይታያል። ድልድዩ ላይ ፋ ከፍ ይላል። ሁለተኛው በሶል ይገባል። መሃል ላይ ሁለቱም ይበታተናሉ፤ ቤታቸው ይጠፋባቸዋል። አንድ የውሸት መመለስ አለ። ከዚያ እውነተኛው መመለስ፤ ሁለተኛውም በአንደኛው ቤት ያድራል።›»

ቀና ብሎ አያት። «ፋ ማነው? ፋሲል ነው ፋንታዬ?»

«ኖታ ነው» አለች የሺመቤት። «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ።»

«ድልድዩስ የት ያለው ነው?»

«ሙዚቃው ውስጥ ያለው ነው። ከአንደኛው ዜማ ወደ ሁለተኛው መሻገሪያ።»

ካሳዬ «መሻገሪያ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።

ጓድ ገብረየስ ደብተሩን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «እኔን ያሳሰበኝ የመጨረሻው ነው። እንግዳ ሲያድር ለቀበሌ ማስመዝገብ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ።»

«ጋሼ፣ ያደረው እኮ ዜማ ነው።»

«ያድራል ብለሽ የጻፍሽው ራስሽ ነሽ።»

እሷም ምን ብላ እንደምታስረዳቸው ስለጨነቃት «ቤት ድረስ መጥተው ይስሙት» አለች። ሄዱ። ካሳዬ መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አልጋ ጫፍ ላይ፣ ሊቀመንበሩ አንዲቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

የሺመቤት አንደኛውን ዜማ ተጫወተች። «ይህ ቤቱ ነው፤ ዶ ላይ።» ቀጥላ ድልድዩን አሳየቻቸው። «ይኸው ፋ ከፍ ስትል ጆሯችንን ወደ ሶል ትጎትተዋለች። አሁን ሶል ቤት የሆነ ይመስላል። ሁለተኛው የሚገባው እዚህ ላይ ነው።» ሁለተኛው ዜማ ለስለስ ያለ፣ ቀለል ያለ ነበር። ከዚያ መሃሉ መጣ፤ ዜማዎቹ እየተቆራረጡ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ተሯሯጡ። ድንገት አንደኛው ብቅ አለ።

«ተመለሰ» አለ ካሳዬ።

«አልተመለሰም። ይህ ፋ ላይ ነው። የውሸቱ መመለስ ይሄ ነው።»

ካሳዬ እንደ መቀየም አለና የጻፈውን ሰረዘ።

እውነተኛው መመለስ ሲመጣ ጓድ ገብረየስ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሁለተኛው ዜማ በተራው ገብቶ ሲያልቅ «ያ የቅድሙ ራሱ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ራሱ ነው።»

«ቅድም ፈንጠዝ ያለ ነበር። አሁን ጨዋ ሆኗል።»

«ቅድም ሶል ላይ ነበር። አሁን በአንደኛው ቤት በዶ ነው የሚዜመው።»

«ወዶ ነው?»

የሺመቤት ሃያ ዓመት ስታስተምር ይህን የጠየቃት ተማሪ አልነበረም። «ደንቡ እንደዚያ ነው» አለች፤ መልሷ ለራሷም አልጣማትም። ሊቀመንበሩ «እስቲ ድገሚልኝ» አሏት። ሦስት ጊዜ አስደገሟት።

ወንጀል እንደሌለ ሁሉም ተስማሙ። ችግሩ መዝገቡ ነበር። ካሳዬ እንዳስረዳው፣ ጉዳዩ በሁለት ያልተመዘገቡ ሰዎች ስም ተከፍቷል፤ ሰዎቹ ካልተመዘገቡ አይዘጋም። ቅጹ ላይ ደግሞ ስለ ዜማ የሚል ቦታ የለም። ስለዚህ፣ ዜማዎቹ ጭብጥ፣ ሙዚቃው ደግሞ ሶናታ እንደሚባል የሺመቤት ስለነገረቻቸው፣ «አንደኛ ጭብጥ ሶናታ» እና «ሁለተኛ ጭብጥ ሶናታ» ተብለው፣ የአንድ አባት ልጆች ሆነው በየሺመቤት ቤት ተመዘገቡ።

«የትውልድ ዘመን?» አለ ካሳዬ።

የሺመቤት የኖታውን ሽፋን አየች። «1788፣ በፈረንጅ።»

ካሳዬ ስምንት ቀነሰ። «በኛ 1780። ዕድሜ፣ መቶ ዘጠና ስድስት።» በጥንቃቄ ጽፎ ማኅተም አደረገበት።

ከዚያ ወር ጀምሮ ከቀበሌው ሱቅ የሦስት ሰው ስኳር ተሰጣት። መጀመሪያ ልትመልስ ሞክራ ነበር፤ ባለ ሱቁ ግን ለመመለስ ራሳቸው ባለቤቶቹ መጥተው መፈረም አለባቸው አላት። ሁለት ሳምንት ስታመነታ ቆይታ ለጎረቤቶቿ ማደል ጀመረች። ጓድ ገብረየስ በየቅዳሜው ከሰዓት ብቅ ይሉና ወንበሯ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ራሳቸው የውሸቱን መመለስ ለይተው «ይሄ እንኳ አይደለም» አሉ፤ ያን ቀን ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ነሐሴ ላይ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። በአገሪቱ በዕድሜ የገፉ ዜጎች በበዓሉ ቀን አብዮት አደባባይ የክብር ቦታ ተይዞላቸዋል፤ የቀበሌው ሁለት አረጋውያን ከአንድ ተንከባካቢ ጋር እንዲገኙ ይላል። ካሳዬ ስህተት ነው ብሎ ለመጻፍ ብዕር አነሳ። ማኅተሙ የራሱ እንደነበር ሲያስታውስ መልሶ አስቀመጠው።

መስከረም ሁለት ቀን የሺመቤት የሁለቱ «አረጋውያን» ስም በተለጠፈባቸው ባዶ ወንበሮች መካከል ተቀመጠች። ጓድ ገብረየስ ከኋላ ቆመው ነበር። ሰልፉ አላልቅ አለ፤ ፀሐዩም በረታ። የሺመቤት ዞር ብላ «ይቀመጡ እንጂ ጋሼ» አለቻቸው። ግራ ቀኝ አይተው የሁለተኛው ስም ባለበት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ወዲያው ስም ዝርዝር የያዘ ሰው መጣ።

«አንደኛ ጭብጥ ሶናታ?»

«አሟቸው ቀርተዋል» አለች የሺመቤት።

«ሁለተኛ ጭብጥ ሶናታ?»

ጓድ ገብረየስ ዞር አሉ። የሺመቤትን አዩዋት፤ እሷ ሰልፉን ትመለከታለች። «አለሁ» አሉ።

«ዕድሜ?»

«ትናንት መቶ ዘጠና ሰባት ሞላኝ።»

ሰውየው ቀና ብሎ ከእግር እስከ ራሳቸው ተመለከታቸው። «አባቴ፣ ደህና ይዘዋል» አለና ምልክት አደረገ፤ ከካርቶኑም አንድ የበዓል ቆብና ትንሽ ባንዲራ አውጥቶ ሰጣቸው።

ጓድ ገብረየስ ቆቡን አጠለቁ፤ ጠበባቸው። በሁለት እጃቸው ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርገው አስተካከሉትና ታንኮቹ ሲያልፉ ባንዲራውን ቀስ እያሉ አወዛወዙ።