ሳል የሚሰርዘው ተውኔት

ዶሪን ካስ የጻፈችው ተውኔት በተመልካች ፊት ሲሞከር መድረኩን አታይም። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሳል ታዳምጣለች። ሰው የሚያስለው ሲሰለቸው ነው ብላ ስለምታምን፣ ሳል የሰማችበትን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዛለች። ተውኔቶቿ አጫጭርና ፈጣን የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

ዘንድሮ ግን ሙከራው በጥር ወር፣ በብርዳማዋ የአሜሪካ ከተማ በሚኒያፖሊስ ሆነና ከተማው በሙሉ ጉንፋን ይዞት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ተሰረዘ። የሽማግሌው ተዋናይ የኦርቪል ብቸኛ ረጅም ንግግርም ለጥቂት ተረፈ።

«ነገ ካሳሉበት ይወጣል» አለችው።

«ኧረ ባክሽ ዶሪን! ሕዝቡ ታሞ እኮ ነው!»

«ጥሩ ነገር የሚሰማ ሰው ቢታመምም ሳሉን ይውጣል። አትነጫነጭ፣ አንተ ሽማግሌ!»

በማግስቱ ኦርቪል አንድ ትልቅ ሳህን ሙሉ የሳል ከረሜላ አዳራሹ በር ላይ አስቀመጠ። ተመልካቹ እየዘገነ ገባ። ሳሉ ጠፋ፤ በምትኩ አዳራሹ በከረሜላ ወረቀት ይንኮሻኮሽ ጀመር። ዶሪን እስክሪብቶዋን ስታነሣ ኦርቪል ከመድረክ አያት። በገዛ እጄ ጉድ ሆንኩ እያለ በልቡ፣ ንግግሩን ጀመረ።

«አባቴ የከተማውን በረዶ በማሽን ሲጠርግ አድሮ ይመጣና፣ የገዛ በራችንን የዘጋው እሱ የገፋው በረዶ ሆኖ ያገኘዋል…»

ከፊት የተቀመጠች ሴት ከረሜላዋን ገልጣ ሳትጨርስ እጇ ቆመ። ከዚያ አዳራሹ ጸጥ አለ።

ትርኢቱ ሲያልቅ ዶሪን ወደ ኦርቪል መጣች።

«ንግግሩ ይቆይ» አለችው። «ነገ ግን ከረሜላውን ልጠህ አቅርብላቸው።»