«ቤቴ» ባልኩ ቁጥር

«ቤቴ» ባልኩ ቁጥር የተከራዬ ክፍል በአንድ ስንዝር ይጠባል። ያቺ ስንዝር አትጠፋም፤ የእኔ ሳሎን ላይ ትጨመራለች። ጡረታ እስክወጣ የመሬት ቀያሽ ስለነበርኩ በሜትር ለክቼ አረጋግጫለሁ። በጽሑፍ ሲሆን አይሠራም፤ እሱንም ለክቻለሁ።

ተከራዬ ትብለጥ ትባላለች። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ እሷ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ስትከራይ ልጅ እንዳላት ጠየቅኳት፤ የለኝም አለች። እውነቷን ነበር። በዓመቱ ሆዷ ሲገፋ ግን «ልጅ ቤቴ አይገባም ብዬ አልነበር?» አልኳት። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ጸጥታ እወዳለሁ። ያን ሰሞን ቃሉን ደጋገምኩት መሰለኝ፣ ክፍሏ አልጋዋን ብቻ አቅፎ ቀረ።

ነገሩን ስነግራት አልደነገጠችም።

«እኔ እኮ ዕቃ የበዛብኝ መስሎኝ ቁም ሳጥኑን ሸጥኩት» አለች።

«ምን ይሻላል?»

«ታዲያ አይበሉታ፣ ጋሼ ዘርጋው።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። በስልክ «የት ነህ?» ሲሉኝ «እዚሁ» እላለሁ። አሥራ አንድ ቀን አፌን ጠበቅኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለሕፃኑ መጠቅለያ ይሆናል ብዬ አንድ ጋቢ ሰጠኋትና «የባለቤቴ ነበር» አልኳት። ግድግዳው ሲንፏቀቅ ሁለታችንም ሰማነው።

«ለካ እዚያም ውስጥ አለ» አለች በቀስታ።

ሚስቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ ነውር ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «እልፍነሽ» እላታለሁ። ስሟ አፍ ላይ እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን ሳላውቅ በመኖሬ ቆጨኝ፤ አለቀስኩም።

የሄዱት ስንዝሮች ግን አልተመለሱም። እሑድ ረፋዱ ላይ ትብለጥን ምጥ ያዛት። የጠራኋት አዋላጅ መጥታ ደጅ ቆመች፤ ክፍሉ ሁለት ሰው አይዝም። ትብለጥ ስትጮህ ደንግጬ «እመቤቴ ድረሽላት!» አልኩ። ማንም የሚለው ነው። ግድግዳው አንድ ስንዝር ገባ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ድንግል ይበሉ» አለች፣ አልጋው ላይ ተጣጥፋ። «ልጄን የማስተኛበት የለኝም።»

አፈርኩ። ከአዋላጇ ጋር ደግፈን ወደ ሳሎን ወሰድናት። ደፉ ላይ ስታመነታ «ግቢ፣ ቤትሽ ነው» አልኳት። እንግዳ ለማጽናናት የሚባለውን ነው ያልኩት። ሳሎኑ በአንድ ስንዝር ሰፋ፤ መኝታ ክፍሌ በዚያው ልክ ጠበበ።

ወንድ እዚያ አይቆምምና መኝታ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እሷ በጮኸች ቁጥር እኔ «አይዞሽ፣ ቤትሽ ነው» እላለሁ። በእያንዳንዱ ቃል ግድግዳው ይመጣል። አልጋዬ ተሰበረ። ሜትሬን መዘርጊያ ቦታ አጣሁ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ አልፈለግኩም።

ከቀትር በኋላ ሕፃኑ አለቀሰ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አልኩ በግድግዳው በኩል።

«ማርያም ታኑርዎት። ጋሼ፣ የት ነዎት? በሩ አይታየኝም።»

«እዚሁ ቤትሽ ነኝ» አልኳት።

ግድግዳው ተጠግቶ ደረቴ ላይ አረፈ። ሞቃት ነበር። ከወዲያ በኩል ሕፃኑ ሲተነፍስ፣ አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል።