እስኪመሽ ይርጋልሽ

እህቴ ጥሩወርቅ ልጅ ሳለች ቆርባ አስመለሰች። ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አልወጣንም ነበር። ትኩሳት ኖሮባት ይሁን ባዶ ሆዷን አጥወልውሏት፣ ማን አወቀላት! ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ወደ ላይ አላትና መሬት ላይ ወጣ። ቄሶቹ ሮጠው መጥተው ከነአፈሩ ዝቀው ወሰዱት። ማንም አልተቆጣትም። እናታችን ግን እዚያው ተንበርክካ «አቤቱ ይቅር በለን!» እያለች ደረቷን ስትመታ ልጅቷ ቆማ አየች። ያ በቃት።

ከዚያ ወዲህ ጥሩወርቅ ሞትን እንኳ እንደ ማስመለስ አትፈራም። ሰርግ ብትጠራ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ትነሳለች። ሰው ሲያስመልስ ካየችማ ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም። ከመርሳ ወልድያ ምን አላት? ቅርብ እኮ ናት! እሷ ግን ጋቢና ካላገኘች አትሳፈርም፤ ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሄደው። አንድ ቀን ረዳቱ «ፌስታል የሚፈልግ!» ሲል ሰምታ ሲሪንቃ ላይ «ወራጅ!» ብላ ወርዳ በእግሯ ተመልሳለች። እኔ መናኸሪያው በር ላይ ብርቱካንና ማንጎ ስለምሸጥ አቧራ ለብሳ ስትመጣ ያየኋት እኔው ነኝ።

«አንቺ ሰው ነሽ እንቁላል?» አልኳት።

«እታለም፣ አንቺ ምን አለብሽ። ሆድሽ ብረት ነው» ብላ ሳቀች።

ባሏ ሞላ ልጅ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ ጠብ የሚል ነገር አጣ። ግራና ከተማ ሄዶ ሌላ አገባ። መካን ናት ተባለ፤ እኔም አምኜ አለቀስኩላት። ዕቃዋን ሰብስባ እኔ ቤት ገባች፤ አብረን ኖርን።

አምና ማቅለሽለሽ ጀመራት፤ ጥርሷን ነክሳ ትውጠዋለች እንጂ አታስመልስም። ጎረቤት መቼም ምክር አይቸግረው። አንዷ «ባዶ ሆዷን እየዋለች ነው» አለች። አንዷ «ጨጓራ ነው፣ በርበሬውን ተዪ» አለች። አንዷ «ምች ነው፣ ዳማከሴ እሹላት» ብላ ይዛ መጣች። አንዷማ ዓይኗን ጠቅሳ «አርግዛ እንዳይሆን!» ብትለኝ በጥፊ ልላት ምንም አልቀረኝ። ደግሞ ሁሉም እውነት አላቸው፤ ሰው የሚያቅለሸልሸው በዚሁ በዚሁ ነው። ወልድያ ያሉት ሐኪሞች ግን በአፏ ቱቦ አስገብተው ጨጓራዋን ማየት አለብን አሉ። ቱቦ የሚለውን ስትሰማ ካርዷን እዚያው ጥላ ወጣች። ሥጋዋ አልቆ በአጥንቷ ስትቀር ነው በግድ የመለስኳት።

«እጢ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮ…»

ቤት ስንገባ ጥሩወርቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «እታለም፣ ሳልቆርብ እንዳልሄድ።» ከዚያች ከልጅነቷ ቀን ወዲህ ቆርባ አታውቅም፤ በየዓመቱ «ቢያስመልሰኝስ?» እያለች ትተወው ነበር። አሁን ደግሞ ውሃ እንኳ እየታገለች የምትውጥ ሆና ጠየቀችው። አንጀቴን በላችው።

የንስሐ አባታችንን አባ መልካሙን ጠራኋቸው። መጥተው አልጋዋ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«ሥጋ ወደሙ ነው ልጄ። ብታወጪውስ?»

«እሱን ለኔ አይንገሩኝ አባ» አለቻቸው። «ከአንቱ በላይ የምፈራው እኔ ነኝ።»

አባ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እንግዲያው ጸበሉን በየጠዋቱ ቅመሺ። እሱ ከረጋልሽ እሁድ እናያለን።» ጸበሉን በሲኒ፣ ጠብታ በጠብታ ሰጠኋት። ረጋ። እሁድ እንድትቆርብ ተስማሙ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሁሪያ መጣች። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ በራፏ ላይ ሳምቡሳ ጠብሳ ለመንገደኛ ትሸጣለች። የዘይቱ ሽታ ጥሩወርቅን እያሳመመብኝ ስንቴ ተጨቃጭቀናል!

«ፋንቱ፣ ነገ ዘይት አላፈላም» አለችኝ። «ሰፈሩንም ዞሬ ነግሬያለሁ። ሽንኩርት የሚያቁላላ፣ ቡና የሚቆላ የለም።»

«እሁድ እኮ ገበያሽ ነው።»

«ተይኝ እባክሽ! ወላሂ፣ አንድ ቀን ሳምቡሳ ባይበሉ አይሞቱም። አላህ ያርጋላት በይ።»

ጠዋት የሁሪያ ባል ጀብሪል በባጃጁ ወሰደን። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ዞር ብሎ ያያታል፣ ደግሞ በዝግታ ይነሳል። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ደግፌ አቀረብኳት። ቆረበች፣ ጸበሉን ጠጣች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የቀረው እስኪመሽ መቻል ነው፤ የቆረበ ሰው እንኳን ሊያስመልስ ምራቁን አይተፋም።

ከሰዓት በኋላ መጣባት። ምራቋ አፏን ሞላው፣ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ግንባሯን ላብ አጠመቀው። በዓይኗ ለመነችኝ።

«አይመጣም!» አልኳት። «ዋጪው። በአፍንጫሽ ተንፍሺ፣ ቀስ ብለሽ። እኔን እዪኝ፣ ሌላ ነገር አታስቢ።» እርጥብ ጨርቅ ማጅራቷ ላይ አደረግኩላት። የገበያ ወሬ አወራሁላት፤ ማን ማንን እንደሰደበ፣ የማን አህያ የማንን ቲማቲም እንደበላች። ማርያምን ለምኜ ሳልጨርስ ጊዮርጊስን እጠራለሁ። አለፈላት። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ አለፈ። ሁሪያ በራፉ ላይ በርጩማ ይዛ ቁጭ ብላ ጠያቂውን ሁሉ «ነገ ኑ፣ ዛሬ አይገባም» እያለች ትመልሳለች።

ፀሐይ ገብታ ሲጨልም አባ መልካሙ መጡ። ገና ከበራፉ «ረጋ?» አሉ።

«ረጋ አባ!»

ከማንም ቀድማ እልል ያለችው ሁሪያ ናት። ጥሩወርቅ ፊቷ በርቶ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ግን የቀመሰችው አጥሚት አልረጋም። ሳፋውን አቀረብኩላት። እጄን ጨምቃ፣ ዓይኗን ጨፍና አስመለሰች። የወጣው ትንሽ ነው። ሲያልቅ ዓይኗን ገልጣ ሳፋውን ትክ ብላ አየችው።

«እታለም፣ ይሄው ነው?»

«ምኑ?»

«ማስመለስ። ይሄው ነው እንዴ? አለቀ?»

«አለቀ እህቴ። ምን ሊሆን ኖሯል?»

ሳቀች፣ ከልቧ። እየሳቀች እንባዋ መጣ።

«መካን አልነበርኩም እኮ» አለችኝ። «እንዳላረግዝ መርፌ እወጋ ነበር፣ ሞላ ሳያውቅ። ያረገዙት ጠዋት ጠዋት ሲያስመልሱ አያለሁ፤ እንዴት አድርጌ እችለዋለሁ እላለሁ። ፍርሃቱ ለከርሞ ይለቀኛል፣ ለከርሞ ይለቀኛል ስል ጊዜው ሄደ።» ሳፋውን በጣቷ አሳየችኝ። «ለዚህ ነው እታለም? ልጅ ያልወለድኩት ለዚህ ነው?»

አፏን ጠረግኩላት፣ አቀፍኳት፣ አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሲያቅለሸልሻት «አምጪ ሳፋውን» ትለኛለች፣ ውሃ አምጪ እንደማለት። ብዙም አልቆየች፤ ሳምንቱ ሳያልቅ አረፈች።

ለለቅሶው ሞላ ልጆቹን አስከትሎ ከግራና መጣ። አልቃሿ «ፈጣሪ ፍሬ የነሳሽ፣ ዘር ያልተካሽ» እያለች ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን መታ። ሞላ ሆዬ ከሁሉም ብሶ ነበር የሚያለቅሰው። መስማት አቃተኝ። ተነስቼ ጓሮ ወጣሁ።

ሁሪያ ተከትላኝ መጣች። «አብሽሪ ፋንቱ» አለችኝ ትከሻዬን ይዛ። «አላህ ካልሰጠ ምን ይደረጋል።»

«እሱ መች ከለከላት!» አልኳት። «እሱ አልከለከላትም ሁሪያ።» ምን ማለቴ እንደሆነ ገና አላወቀችም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።